መጀመሪያ አፈሩን

ጎንደር ላይ ፊዚክስና ኤሌክትሪካል ለምትማሩ ልጆቼ፤

አንዳንዶቻችሁ የመመረቂያ ሥራችሁን ያልፈነዳ ተተኳሽ በሚለይ ሴንሰር ላይ ልታደርጉ እንዳሰባችሁ ሰማሁ። ጎሽ! ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ዋና ምሽጉን ያስረከበው ኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ነው፤ ወደ ከተማዋ በሚያስገቡ ማለፊያዎች ላይም ፈንጂ ተቀብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተተኮሰውን እኔ አልነግራችሁም።

ጥያቄያችሁ ግን ሁሉም ስለ ድሮንና ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። ስለ አፈሩ የጠየቀኝ የለም።

ብረት ማግኘት ቀላል ነው። ጥቅልል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ትለቃላችሁ፣ በድንገት ታቋርጣላችሁ። ያኔ መሬት ውስጥ ያለው ብረት ላይ ጅረት ይፈጠርና እየደከመ ይጠፋል። ወፍራም የመድፍ ጥይት ላይ ቶሎ አይሞትም፤ ቆርኪ ላይ ወዲያው ድርግም ይላል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ያለው ከመሣሪያው ጩኸት ይልቅ የጅረቱ አጠፋፍ ላይ ነው። ፈንጂ አምካኞች ከሚቆፍሩት አብዛኛው ምስማር፣ ቆርቆሮና ቀልሃ ነው፤ ጊዜና ገንዘብ የሚበላው እሱ ነው። "ይሄኛው ሳይቆፈር ይቅር" ብሎ በድፍረት የሚናገር መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው።

ወደ እኛ መሬት እንምጣ። ከእግራችን ሥር ያለው ባዛልት ነው፤ ከሱ የወጣው አፈር ማግኔታዊ ማዕድን አለበት። ምንም ሳይቀበር መሣሪያው ሊጮህ ይችላል። ይባስ ብሎ የአፈሩም ምላሽ እየደከመ ነው የሚጠፋው፤ በግምት ጊዜው እጥፍ ሲሆን እሱ በግማሽ ይቀንሳል። የውጭ አገር አሸዋ ላይ ብቻ የተፈተነ ሶፍትዌር እዚህ ሲመጣ ይቀባጥራል። ሞገድ ወደ መሬት የሚልክ ራዳር ይሻለናል ካላችሁ ደግሞ ክረምት ላይ ወደ ደንቢያ ውረዱ። የራሰ ዋልካ ሞገዱን ገና ሳይጠልቅ ይውጠዋል። አንዱን ቦታ በጋም ክረምትም መለካት አሰልቺ ነው፤ አማካሪያችሁም ላይደሰት ይችላል። እኔ ግን ከድሮኑ በፊት የማነበው እሱን ነው።

በ1881 እ.ኤ.አ. የስልኩ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በተተኮሰባቸው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በጋርፊልድ ገላ ውስጥ የቀረውን ጥይት በመሣሪያ ሊፈልግ ሞከረ። ሐኪሙ ጥይቱ በቀኝ ነው ብሎ ስላመነ በዚያ በኩል ብቻ አስፈለገው። የአልጋው ብረትም አደናገረው። ጥይቱ የተገኘው፣ ሰውየው ከሞቱ በኋላ፣ በግራ በኩል ነው።

እናንተም ስትሞክሩ ጓደኛ ይቅበርላችሁ፣ ቦታውን አትወቁ። የማረሻ ስባሪ፣ የቧንቧ ቁራጭ፣ ቆርኪ ይበቃል። ባዶ ጉድጓድም ይኑርበት። ውጤት ስትጽፉ ካገኛችሁት ጎን ያመለጣችሁንም ጻፉ።

እውነተኛውን ፍለጋ ግን ሜዳ እንዳትወጡ። ከቆራሌው የተገዛ የመድፍ ጥይት ላብራቶሪ አይግባ፤ ስለዛገ ሞቷል ማለት አይደለም። የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ አትንኩ። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱና ለፖሊስ ንገሩ።