መልስ፦ አሮጌዋን ፊያት ስፓይደር ልግዛት ወይ?
ወንድሜ፣ ለገጣፎ ያየሃት ፊያት 124 ስፓይደር የጭስ ምርመራ ታልፋለች ወይ ብለሃል።

መጀመሪያ ሊብሬዋን እይ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ካልገጠመ ቀብድ እንዳትከፍል። ከ2016 ወዲህ የቤንዚን መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ «ወረቀቱ በኋላ ይስተካከላል» የሚልህን አትስማ።

በጭሱ ግን ተስፋ አትቁረጥ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂድና አስነሳት። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላች ነው፤ ይሄ ሞተር እስከማስወረድ ያደርስሃል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የሞተር ክፍል) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። የእኔም አሮጌ መኪና ካርቡሬተሯ ተስተካክሎ፣ ካንዴላና የአየር ማጣሪያ ተቀይሮላት ነው ቦሎ ያገኘችው።

ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ፣ ሌላ ቀን ተመለስ።