የሰፈራችን ቡና ቤት ዕድሜው ስንት ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በሰፈራችን መጀመሪያ ጠላ ቤት የነበረ፣ በኋላ ቡና ቤት የተባለ፣ ዛሬ ደግሞ ዓሣ የሚበላበት ምግብ ቤትና ግሮሰሪ የሆነ አንድ ቤት አለ። የአሁኖቹ ባለቤቶች ታሪኩን ጽፈው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉ አስበው እንድረዳቸው ጠይቀውኛል። አንድ አባት «ከፋብሪካው በፊት የነበረ ቤት ነው» ሲሉኝ ሌላው ደግሞ «በደርግ ጊዜ የተከፈተ ነው» ይላሉ። ማንን ልመን? ከየትስ ልጀምር?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ከሁለቱ አባቶች የአንዱን ቃል ከመጣልዎ በፊት ሁለቱም ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ መሆናቸውን ያጣሩ። እኛ «ቤት» ስንል ግድግዳውንም፣ ንግዱንም፣ ንግዱን የጀመሩትን ሴትም ማለታችን ነውና የሦስቱን ታሪክ ለየብቻ መያዝ ይኖርብዎታል።

ስለ ንግዱ ሲጠይቁ «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ማለት ብዙ አያራምድም፤ ዓመቱን የዘነጋ ሰው ነገሩ ከምን በፊትና ከምን በኋላ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይስተውም። ባሕር ዳር በዚህ ረገድ የታደለች ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም.፣ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ደግሞ በ1956 ዓ.ም. ተከታትለው መጥተዋልና፣ «ያኔ የምትጠጡት በኩራዝ ነበር ወይስ በመብራት?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ይነግርዎታል። ደመወዝተኛ በዛ ማለት ደግሞ በዱቤ የሚበላና የሚጠጣ ደንበኛ በዛ ማለት ስለሆነ፣ ከአንድ ሣጥን ሥር አሮጌ የዱቤ ደብተር ቢገኝ ከማንኛውም ትዝታ የታመነ ምስክር ይሆናል።

የሁለተኛው አባት ቃል ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ተላለፉ። ከግለሰብ ተከራይቶ ይነግድ የነበረ ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ እንዳለ የቀበሌ ተከራይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በደርግ ጊዜ ተከፈተ የተባለው ቤት አዲስ ውል የተፈረመበት አሮጌ ቤት ሊሆን ስለሚችል፣ የቆዩ የኪራይ ደረሰኞችን ይፈልጉ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያጓጓኝ ግን ዓሣው ነው። በጣና ላይ ነገደ ወይጦዎች ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩ ሲሆን፣ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ስለዚህ ዓሣውን ማን ያመጣ እንደነበር፣ በታንኳ ይሁን በጀልባ፣ ቆሮሶ ይሁን አምባዛ፣ ይጠበስ ወይስ በወጥ ይሠራ እንደነበር በዝርዝር ይጠይቁ፤ ጠላ ቤቱ ምግብ ቤት የሆነበትን ጊዜ የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቀሩት ቤቱን ያቆሙት እናት ናቸው። የጠላ ቤት ምልክቱ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ እንጂ የተጻፈ ሰሌዳ ስላልነበረ፣ ቤቱ የሚጠራው በባለቤቲቱ ስም ነበር፤ በኋላ የቡና ቤት ሰሌዳ ሲሰቀል የብዙዎቹ እናቶች ስም ከአፍ እየጠፋ ሄደ። ልጆቻቸው ወይም አብረዋቸው ጌሾ የወቀጡና ብቅል ያበቀሉ ሴቶች በሕይወት ካሉ፣ ከሁለቱ አባቶችም አስቀድመው እነርሱን ያነጋግሩ፤ በሚሰቅሉት ጽሑፍ መጀመሪያም የእኚህን እናት ስም ከነአባታቸው ያስፍሩልን።