ወንድሜን ላድን ደውዬ ለብቻው አስቆለፍኩበት

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምጽፍላችሁ ከአሜሪካ ነው። ታናሽ ወንድሜ ካውንቲ ጄል (የአካባቢው እስር ቤት) ከገባ ሁለተኛ ወሩ ነው፣ ክሱ ገና አልተወሰነም። ባለፈው በስልክ ስናወራ ድምፁ ልክ አልነበረም። «ከእንግዲህ ለማንም ሸክም አልሆንም» አለኝ፤ ወዲያው ደቂቃው አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ጄሉ ጋ ደውዬ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ጥሩ ያደረግኩ መስሎኝ። ከአምስት ቀን በኋላ ሲደውልልኝ ግን ጉድ ነው የሰማሁት። ልብሱን አስወልቀው፣ እንደ ፍራሽ ልባስ የተሰፋ ወፍራም ነገር አልብሰው፣ መብራቱ ሌሊትም በማይጠፋ ባዶ ክፍል ብቻውን ቆልፈውበት ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱን እንኳ አልሰጡትም። አንድ ሰው በበሩ መስኮት ብቅ ብሎ «ደህና ነህ?» ይለዋል፣ መልሱን በቅጡ ሳይሰማ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን «ደህና ነኝ፣ ተናድጄ ነው እንደዚያ ያልኩት» ብሎ ወጣ። ለእኔ ግን ምን አለኝ መሰላችሁ? «ሁለተኛ ለማንም አልናገርም። ለአንቺም ቢሆን።» ጥፋቱ የእኔ ነው? ደግሞስ እንዲህ ማድረግ ትክክል ነው?
— እህቱ ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ መደወልሽ ልክ ነው። ነገም እንደዚያ ያለ ነገር ከሰማሽ ደውዪ። አንቺ የሰጠሻቸው ወሬ ነው፣ በወሬው ያደረጉት የራሳቸው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ትክክል አይደለም ባይ ነኝ። ሰውን መጠበቅ ሌላ፣ ሰውን ማግለል ሌላ። ብዙ እስር ቤት ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሠራባቸዋል፣ ምክንያቱም ማግለል ርካሽ ነው። አንድ ሠራተኛ ወንበር ስቦ በሩ ላይ ስምንት ሰዓት ይቀመጥ ከተባለ የአንድ ሙሉ ሺፍት ደሞዝ ነው፤ ባዶ ክፍል ደሞዝ አይጠይቅም። ዕቃውን አወጣን፣ ልብሱን ቀየርን፣ በየ15 ደቂቃው አየን ተብሎ መዝገብ ላይ ይፈረምና ጄሉ ነገ ቢከሰስ የሚያሳየው ወረቀት ያገኛል። ወንድምሽ ደግሞ አንድ ነገር ተማረ፤ እውነቱን የተናገረ ሰው ልብሱን እንደሚገፈፍ። እኔን ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ይሄ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ነርሷ ስትጠይቀው ፈገግ ብሎ «ኦኬ ነኝ» ይላታል፣ እሷም ትጽፋለች።

ለብቻ መቆለፍ በራሱ ሰውን እንደሚጎዳ ደግሞ የታወቀ ነው። በ2014 የታተመ የኒውዮርክ ከተማ እስር ቤቶች ጥናት አለ (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለብቻ የመታሰር ቅጣት የደረሰባቸው እስረኞች ከመቶ 7.3 ብቻ ነበሩ፤ በእስር ቤቶቹ ውስጥ ከተመዘገበው ራስን የመጉዳት ድርጊት ግን 53.3 በመቶው የእነሱ ነው። «ድሮውንም የታመሙት ናቸው እዚያ የሚገቡት» የሚል ይኖራል። አጥኚዎቹ የአእምሮ ሕመምን፣ ዕድሜንና የእስር ጊዜን አስገብተው አስልተዋል፣ ልዩነቱ አልጠፋም። እውነት ነው፣ እነዚያ በቅጣት የገቡ እንጂ እንደ ወንድምሽ «ለጥበቃ» የገቡ አይደሉም። ክፍሉ ግን ለምን እንደገባህ አይጠይቅህም።

ኒውዮርክ እስር ቤት ውስጥ የሞተውን የባለሀብቱን የኤፕስታይንን ነገር ሁላችሁም ሰምታችኋል። የሴራውን ወሬ ለቡና ላይ ጨዋታ ተዉትና ተራውን ክፍል ብቻ እዩት። በሐምሌ 2019 ሱሳይድ ዎች (ራሱን እንዳያጠፋ የሚደረግ ልዩ ጥበቃ) ላይ ነበር፤ ከክትትሉ ሲወጣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ክፍል የሚጋራው ሰው እንዲኖር አዘዙ። ነሐሴ 9 ቀን አብሮት የነበረው እስረኛ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ምትክ የሚያመጣ ጠፋ። በየ30 ደቂቃው መዞር የነበረባቸው ጠባቂዎች ሳይዞሩ ዞረናል ብለው ፈረሙ። በማግስቱ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። የባለሙያዎቹ ትእዛዝ እኮ ቀላል ነበር፤ አጠገቡ ሰው ይኑር ነው ያሉት።

የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ያጸደቃቸው፣ የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት፣ በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለ ትርጉም ያለው የሰው ግንኙነት መቆለፍን «ለብቻ ማሰር» ይሉታል። ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ክልክል ነው። ሕመሙ የሚብስበት የአእምሮ ሕመምተኛ ከሆነ ደግሞ ጭራሹን አይፈቅዱም። ልብ በይ፣ ትርጉሙ የሚያየው ሰዓቱንና ግንኙነቱን ነው። በሩ ላይ «ሱሳይድ ዎች» ተብሎ ስለተለጠፈ ሌላ ነገር አይሆንም።

ፍጹም አይነካ ማለቴ አይደለም። ሰውየው በዚያች ሰዓት ራሱን ሊጎዳ ከሆነ ባዶ ክፍል ያስፈልግ ይሆናል፤ ለጥቂት ሰዓት፣ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ እያናገረው። በአሜሪካ የእስር ቤት ጤና ኮሚሽን መመዘኛም አደጋው የቀረበ ሰው ሳያቋርጡ ይታያል ይላል። በየ15 ደቂቃው ማየት አደጋው ላልቀረበው ሰው ነው፣ ያውም ሰዓቱ እንዳይገመት እየተዛነፈ።

ምን ላድርግ ካልሽ፣ በመጀመሪያ ስትደውዪ የፊት ዴስኩን አልፈሽ የአእምሮ ጤና ክፍሉን ጠይቂ። የግል መረጃ ሕግ አለብን፣ ስለ እሱ መናገር አንችልም ሊሉሽ ይችላሉ። ይሁን፣ አንቺ የምትነግሪያቸውን እንዳይሰሙ ግን የሚከለክል ሕግ የለም። ያልሻቸውን በጽሑፍም ላኪ፣ ቀኑንና የተቀበለሽን ሰው ስም ያዢ። ለጠበቃው ደግሞ ለእኔ የጻፍሽውን እንዳለ ስጪው። ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ስለሆነ ለዳኛው ሊያሳስብ ይችላል፤ ማን በየቀኑ አየው፣ ባለሙያ ነው ወይስ ጠባቂ፣ መጽሐፉና ጉብኝቱ ለምን ተከለከለ ብሎ ይጠይቅልሽ።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ሲደውል ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ። «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም። ስልኩ ይቀዳልና ስለ ክሱ ግን አታውሩ። የተቆጣሽም ከሆነ በእሱ ላይ አይሁን፣ ዝም ለማለት ምክንያት አለው። ለራስሽ ሲከብድሽ ደግሞ እዚያው አሜሪካ ለጨነቀው ሰው የሚደወልበት 988 የሚባል የስልክ መስመር አለልሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ካናዳ ውስጥ እስር ቤት ጥበቃ ነኝ፣ የሌሊት ሺፍት። ሰው ሁሉ እኛን ይሰድባል። ሁለት ሆነን ስንቱን እንይ? ለብቻው ካላደረግነው ቢሞት ተጠያቂው ማነው?
— የሌሊቱ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስድብ አትሰማም ከእኔ። ግን የአሽሊ ስሚዝን ነገር ስልጠና ላይ ነግረውህ ይሆናል። የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። ታዳጊ ሳለች የጀመረው ነገር በፖስታ ቤት ሠራተኛ ላይ ፍሬ መወርወር ነው። በፌዴራል እስር በቆየችበት ዓመት ያልሞላ ጊዜ 17 ጊዜ አዛወሯት፣ አብዛኛውን ለብቻዋ ተቆልፋ። ጥቅምት 19 ቀን 2007 ኪችነር ከተማ ስትሞት ጠባቂዎች በሩ ላይ ቆመው ያዩዋት ነበር፣ ካሜራም ነበረ። እየተነፈሰች እስካለች አትግቡ የሚል ትእዛዝ ከላይ ስለነበረባቸው ቆመው ቀሩ። በ2013 የአሟሟቷን ምርመራ የሰማው ጁሪ ግድያ ነው አለ፣ ማንንም ጥፋተኛ የሚያደርግ ፍርድ ባይሆንም። እንግዲህ ዓይን ብቻ አልበቃም ማለት ነው፣ ያውም ቀን ከሌት የማይነቀል ዓይን። ያን ሌሊት በሩ ላይ ከቆሙት አንዱ አንተ ብትሆን ኖሮስ? የጥያቄህን መልስ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

በ2019 የአገርህ የፌዴራል ሕግ ተቀይሮ እንደዚያ ከሌሎች ተነጥሎ የሚያዝ እስረኛ በቀን ቢያንስ 4 ሰዓት ከክፍሉ እንዲወጣ፣ ከዚያም 2 ሰዓቱ ከሰው ጋር እንዲሆን ተደንግጓል። በተግባር ይከበራል ወይ የሚለው እስካሁን ያጨቃጭቃል።

የሰው እጥረቱ እውነት ነው። ሆኖም በ1991 ዌልስ ውስጥ በስዋንሲ እስር ቤት የተጀመረ ነገር አለ፤ ሳማሪታንስ የሚባለው ድርጅት እስረኞችን ራሳቸውን አሠልጥኖ የጨነቀውን እስረኛ እንዲያዳምጡ አደረገ። ዛሬ በብሪታንያ እስር ቤቶች የተለመደ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል እስር ቤቶችም የሠለጠነ እስረኛ በተራ ከጎኑ እንዲቀመጥ ያደርጋሉ። አለቃህን በዚህ ጠይቀው እስቲ።

ጥያቄ፦ እኛ አገር እስረኛ ጎን ለጎን ተጣብቆ ነው የሚተኛው። ብቻውን ክፍል ማግኘት ቅንጦት አይደለም እንዴ?
— ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሳቅኩ። አንተ ብቻ አይደለህም እንደዚህ ያሰብከው። በ1829 ፊላዴልፊያ ላይ ትልቅ እስር ቤት ሲከፈት ለእያንዳንዱ እስረኛ የራሱ ክፍል፣ የራሱ ትንሽ ግቢና መጽሐፍ ቅዱስ ተሰጠው፣ በጽሞና ንስሐ ይግባ ተብሎ። ደግነት ነው ብለው ነው። በ1890 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለዚያ አሠራር ሲጽፍ ብዙ እስረኞች በአጭር ጊዜ አእምሯቸው እንደደነዘዘ፣ ሌሎቹ እንዳበዱ፣ ራሳቸውን ያጠፉም እንደነበሩ መዘገበ። መጨናነቅም የራሱ መከራ አለው፣ አልክድም። ግን በእኛ አገርም «ጨለማ ቤት» ሲባል ሰው ለምን እንደሚደነግጥ ታውቃለህ፣ ሰፊ ቢሆን እንኳ ማንም አይመኘውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 እስረኛን ሊጎበኙት የሚገቡትን ሲዘረዝር የትዳር ጓደኛን፣ የቅርብ ዘመድን፣ የሃይማኖት አማካሪን፣ ሐኪምንና ጠበቃን ይጠራል፣ ጓደኛንም አልረሳም።