አፈሩን እስከ ባሕር ተከተሉት

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ የባሕር ሳይንስ መማር እፈልጋለሁ። ግን ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ባሕር አይቼ አላውቅም። እኔና ባሕር ምን አገናኘን?» መልሱን ለእሷ ብቻ ልጽፍ ጀመርኩና ረዘመብኝ። እንግዲያው ለሁላችሁም ይሁን።

ከባሕር ጋር የሚያገናኛችሁ ከቤታችሁ በታች የሚያልፈው ጨሞጋ ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በአፈር ሙያ ስሠራ ጎጃምን ከጮቄ ተራራ እስከ ዓባይ በረሃ በእግሬም በመኪናም ዞሬዋለሁ። ብዙ ጉድጓድ አስቆፍሬያለሁ፤ ብዙ አፈር በከረጢት እየሞላሁ ወደ ላቦራቶሪ ልኬያለሁ። ግን ለረጅም ጊዜ ሥራዬ ማሳው ድንበር ላይ ያልቅ ነበር። አፈሩ ሲሄድ «ታጥቧል» ብዬ እጽፋለሁ። በቃ። ታጥቦ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

እስቲ አብረን እንከተለው።

ደጋችን የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እየፈሰሰ ከረጋ ላቫ ነው፤ ባዛልት የምንለው ጥቁር ድንጋይ። ዝናብ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል። አፈር ውስጥ ሲገባ የሥሮች ትንፋሽ ይጨመርበትና ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል። ይህ ውሃ ድንጋዩን ቀስ እያለ ይበላዋል። ከድንጋዩ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሲሊካ ይወጣሉ፤ ከአየር የመጣው ካርቦንም ባይካርቦኔት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በጥር ወር ጨሞጋ ኩልል ብሎ ሲወርድ ምንም ያልያዘ ይመስላችኋል። የሟሟ ድንጋይና የሟሟ አየር ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ በዓይን የሚታየው ይመጣል፣ ደለሉ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ሰምታችኋል። እኔን ከግንዱ ይልቅ ግንዱን የሚገፋው ቡናማ ውሃ ያሳስበኛል። አስዋን ድረስ ይደርስ ከነበረው የናይል ደለል ከ90 ከመቶ በላዩ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው። የደለል ቅንጣት ደግሞ ባዶዋን አትሄድም። በቀዩ አፈራችን ውስጥ ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ሰብሉ እንኳ በመከራ ነው የሚያገኘው፤ ማሳውን ለቅቆ የሚሄደውም ባብዛኛው ከአፈሩ ጋር ነው። ናይትሮጅን ሌላ ጠባይ አለው። ናይትሬት ሆኖ በውሃ ይሟሟና ሳታዩት ወደ ታች ይሰርጋል። ይህን ልዩነት ያልያዘ ባለሙያ እርከን አሠርቶ ሁሉን ያዳነ ይመስለዋል። እርከን አፈሩንና ፎስፈረሱን ያስቀራል። ናይትሬትን የሚይዘው ግን ሥር ነው፣ ዝናቡ ሲመጣ መሬቱ ውስጥ ተዘርግቶ የሚጠብቅ ሕያው ሥር።

ወንዙ ባሕር ሲገባ ጨው ያገኘዋል። ያኔ የሸክላ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተያያዙ፣ ወተት አይብ ሲሆን እንደሚረጋው ረግተው ወደ ታች ይወርዳሉ። የጨው ውሃውም ከቅንጣቷ ላይ ፎስፈረሱን በከፊል ያላቅቀዋል። ናይል ሜድትራንያን ባሕር በሚገባበት ቦታ፣ የኛ ክረምት ጎርፍ በደረሰ ቁጥር ባሕሩ በዓይን በማይታዩ ዕፅዋት ይሞላ ነበር። ዲያቶም ይባላሉ። ሽፋናቸውን የሚሠሩት ከሲሊካ ነው፤ መስታወት የሚሠራበት ማለት ነው። ከጮቄ ድንጋይ የወጣው ሲሊካ እዚያ የዲያቶም ልብስ ይሆናል! ዲያቶሙን የሚበላ አለ፣ ያንንም የሚበላ አለ፣ ሰርዲን ይመጣል፣ የግብፅ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይጥላል። ከዚያ የአስዋን ትልቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ጎርፉን መያዝ ጀመረ። በ1962 ወደ 18 ሺህ ቶን ይደርስ የነበረው የሰርዲን ምርት በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ከአንድ ሺህ ቶን በታች ወረደ። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ «ታጥቧል» ብዬ የምዘጋው መዝገብ በአንድ ወቅት እዚያ ማዶ የሰው እራት ነበር።

ዓሣው ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ወዲህ ተመልሶ በዝቷል። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ግን የሚመግበው ከግብፅ እርሻ የሚወጣው ማዳበሪያና የከተሞቹ ፍሳሽ ሆኖ ተገኘ። የኛ ደለል ዛሬ ከየግድቡ ኋላ ነው የሚቀረው። ሱዳን ውስጥ ሮሰሪስ ግድብ ላይ ተከምሯል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኛው ሕዳሴ ግድብም ድርሻውን ይቀበላል። ስለዚህ ጮቄ ላይ የሚሠራ እርከን የገበሬው ጉዳይ ብቻ ነው አትበሉ፤ የመብራታችንም ጉዳይ ነው።

አሁን ካርቦኑን ተመልከቱ። ዲያቶም ሲሞት ወደ ጥልቁ ይሰጥማል። አብዛኛው በመንገድ ላይ ተበልቶ ተመልሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ጥቂቱ ብቻ ከወለሉ ጭቃ ሥር ይቀበራል። ያ ጥቂት በሚሊዮኖች ዓመት ሲጠራቀም ዓለምን ይለውጣል። ዛሬ ውቅያኖስ በአየር ላይ ካለው ከ40 እጥፍ በላይ ካርቦን ይዟል። ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉንም እሱ ነው የሚውጠው፤ በዋጋው ግን ውሃው ቀስ በቀስ ወደ አሲድነት እያዘነበለ ነው። አፈርም ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአየርና በዕፅዋት ያለው ተደምሮ በአፈር ውስጥ ያለውን ካርቦን አያክልም።

ይህንን በእጃችሁ ማየት ትችላላችሁ። በሰፈራችሁ ካለ አሮጌ ደብር ሂዱ፤ ካህናቱን አስፈቅዱና ከደኑ ውስጥ አንድ እፍኝ አፈር ያዙ። ከአጥሩ ውጭ ካለው ማሳ ደግሞ ሌላ እፍኝ። ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቷቸው። የውስጡ ጥቁርና ፍርፍር ያለ፣ የውጭው ቀይና ደረቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያ ጥቁረት ካርቦን ነው። ውጭ ያለው የት እንደሄደ መገመት አያቅታችሁም፤ ከፊሉ በጎርፍ፣ ከፊሉ በማረሻ ተገልብጦ ወደ አየር፣ ከፊሉ ደግሞ በምድጃ።

የምድጃውን ነገር ሳነሳ እናቴ ትዝ ትለኛለች። ኩበት ጠፍጥፋ ግድግዳ ላይ ትለጥፍ ነበር፤ እንጨት ከየት ይምጣ? እበት ሲነድ ናይትሮጅኑና ካርቦኑ በጭስ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመድ ውስጥ ይቀራል። አመዱ ደግሞ ጓሮ ይደፋል። የጓሯችን ጎመንና ዱባ ሲያምር ሩቁ ማሳ የሚከሳው ለዚህ ነበር። ከብቶቹ ከሩቅ ግጠው ያመጡት ሁሉ ቤት አካባቢ ይጠራቀማል። ማንም ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። እናቴን ለመውቀስ የሚነሳ ባለሙያ ካለ ግን መጀመሪያ ሌላ ማገዶ ይዞ ይምጣ።

የጎደለውን ዛሬ የምንሞላው በማዳበሪያ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከየት ይመጣል? ከዓለም የፎስፌት ክምችት ትልቁን የያዘችው ሞሮኮ ናት፤ ያ ድንጋይ ደግሞ የጥንት ባሕር ወለል ነው። የባሕር እንስሳትና ዕፅዋት ቅሪት ጭቃ ሆኖ፣ ጭቃው ድንጋይ ሆኖ፣ ወለሉም ተነስቶ መሬት እስኪሆን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ወስዷል። እንግዲህ አስቡት፦ ፎስፈረስ ከጮቄ ማሳ ለመውጣት አንድ የሐምሌ ሌሊት ይበቃዋል። ለመመለስ ግን ወይ የምድርን መነሳት ይጠብቃል፣ ወይ በዶላር ተገዝቶ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያ በከባድ መኪና ደጀን ይወጣል። በዚህ ሁሉ ድካም መጥቶ ሳይበላ ወደ ጣና የገባው ደግሞ እምቦጭን ይመግባል። አረሙ ጣና ላይ ከታየ ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ በእጃችሁ ነቅላችሁታል፣ አውቃለሁ፤ በጣም አከብራችኋለሁ። ነገር ግን ከዳር ያለው ደንገልና ረግረግ እየታረሰ፣ ከላይ ማሳው እየታጠበ ከቀጠለ የምትነቅሉት አያልቅም። ያ ረግረግ በባሕር ዳርቻ አገሮች ማንግሮቭ የሚባለው በጨው ውሃ ዳር የሚበቅል ደን የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው፤ ደለሉን ያጠልላል፣ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥም ካርቦኑን ቶሎ እንዳይበሰብስ አድርጎ ያቆየዋል።

አንድ ስህተቴን ልንገራችሁና ለሥራችሁ ይጥቀማችሁ። ወጣት ሳለሁ ከአንድ ገባር ወንዝ ሦስት ክረምት ሙሉ የደለል ናሙና ሰብስቤያለሁ። በጥንቃቄ ነው የሠራሁት፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ መንገዱ ሲደርቅ። ሪፖርቱ ተጻፈ፣ ተመሰገንኩ። በኋላ ነው የገባኝ። የዓመቱ ደለል አብዛኛው የሚሄደው በጥቂት ከባድ ጎርፎች ነው፤ ያም ክረምቱ ሲጀምር፣ ማሳው ታርሶ ገና ሰብል ሳይሸፍነው፣ ብዙ ጊዜም ከሰዓት በኋላና ማታ። እኔ ወንዙ ከተረጋጋ በኋላ እየሄድኩ የተረጋጋ ወንዝ ለክቼ ተመለስኩ። በዚያ ቁጥር ላይ ሌሎች ሰዎች ዕቅድ አውጥተዋል። ዛሬም ያመኛል።

ስለዚህ ለጠየቀችኝ ልጅ የምላት፦ ባሕሩን ለመማር ባሕር ዳርቻ እስክትደርሺ አትጠብቂ። ኬሚስትሪሽን አጥብቀሽ ያዢ፤ የአፈር ክፍል፣ የውሃ ክፍል፣ የባሕር ክፍል እያሉ ሲከፋፍሉሽ አንዱን ንጥረ ነገር ያዢና በሁሉም በር አብረሽው ግቢ። ፎስፈረስን ብትመርጪ ደስ ይለኛል። አንድ ድልድይ ምረጪ፤ በየዓመቱ ከዚያው ቦታ ቅጂ። ንጹሕ የውሃ ጠርሙስ ይበቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናቡ ከስንት ሰዓት በፊት እንደጣለ ጻፊበት። ጎርፍ ሲመጣ ከድልድዩ ላይ በገመድ አውርጂ እንጂ ውሃው ውስጥ እንዳትገቢ፤ ብቻሽንም አትሂጂ።

እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያንኑ እያደረግኩ ነው። መስኮቴ ላይ የጨሞጋ ውሃ የተቀዳባቸው ጠርሙሶች ተደርድረዋል። በጥር ወር የተቀዳው ጥርት ከማለቱ የተነሳ ከጠርሙሱ ማዶ ያለውን ያሳያል። ከጎኑ ያለው ሰኔ 29 ማታ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ የተቀዳው ነው፤ ከሥሩ ግማሽ ጣት የሚያህል ቀይ አፈር ረግቷል።