«እርግጠኛ ነዎት?» እየተባለ ዕቃ የሚሰረዘው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ በሲ ሻርፕ ቋንቋ፣ በዊንዶውስ ፎርምስ (የዊንዶውስ ፕሮግራም መስኮቶች መሥሪያ) የሱቅ ሽያጭ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ዕቃ ከመሰረዙ በፊት «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ሜሴጅ ቦክስ (የመልእክት ሳጥን) «የስ» እና «ኖ» የሚሉ ቁልፎች ይዞ ይወጣል። ያም ሆኖ ገንዘብ ተቀባዮቹ ሳያውቁት ዕቃ ይሰረዛል። አንዳንዴ ደግሞ ሳጥኑ ከፎርሙ (ከፕሮግራሙ መስኮት) ጀርባ ተደብቆ ፕሮግራሙ የደረቀ ይመስላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባርኮድ ስካነሩ ነው። ስካነር ለኮምፒውተሩ ልክ እንደ ኪቦርድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን ጽፎ ሲጨርስ ኢንተር ይልካል። ሌላ ካላዘዙት በቀር ሳጥኑ ሲከፈት የተመረጠው የመጀመሪያው ቁልፍ፣ ማለትም «የስ» ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ሳጥኑን ሳታይ ቀጣዩን ዕቃ ስካን ካደረገች ኢንተሩ «የስ»ን ይጫነዋል። በእንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ ፊደል ያለበት ኮድ ከሆነ ደግሞ «የስ»ን ለመጫን «ዋይ» (Y) የሚለው ፊደል ብቻውን ይበቃል፤ ስለዚህ ሳጥኑ ሲከፈት የሚመረጠውን ቁልፍ «ኖ» ማድረግ ብቻ አይበቃም።

ለስረዛ «ኦኬ ካንስል»ን ይጠቀሙ፤ እነዚህ ቁልፎች በፊደል አይጫኑም። ሜሴጅ ቦክሱን ሲጠሩ ከሚሰጡት መለኪያዎች አንዱ የሆነውን ደፎልት በተን (ሳጥኑ ሲከፈት የሚመረጠውን ቁልፍ) ደግሞ «በተን 2»፣ ማለትም «ካንስል» ያድርጉት፤ ያኔ ኢንተር ስረዛውን ይተወዋል። ኤስኬፕና የኤክስ ምልክቱም እንደ ካንስል ይሠራሉ፤ በ«የስ ኖ» ሳጥን ላይ ግን ሁለቱም ዝግ ናቸው።

ጽሑፉንም ይለውጡት። «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለውን በቀን ሃያ ጊዜ ያየ ሰው አያነበውም። «ስኳር 1 ኪሎ ከዕቃ ዝርዝሩ ይሰረዝ?» ቢሉት ግን ዓይኑ ስሙ ላይ ያርፋል። «ሽያጩ ተመዝግቧል» ለሚለው ሳጥን አያውጡ፤ ከፎርሙ ግርጌ ስታተስ ባር ላይ ይጻፉት። ምንም በማይጠይቅ ሳጥን ኦኬ መጫን የለመደ እጅ አደገኛውንም እንዲሁ ያልፈዋል።

የመደበቁ ምክንያት ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ከዋናው ትሬድ (መስኮቶቹን ከሚያንቀሳቅሰው የሥራ መስመር) ውጪ፣ ለምሳሌ ከታስክ (ከጀርባ ከሚሠራ ሥራ) ውስጥ መጠራቱ ነው። ባለቤት ፎርም ስለሌለው ከኋላ ይቀራል። ጥሪውን ኢንቮክ በሚባለው የፎርሙ ትእዛዝ ወደ ዋናው ትሬድ ይመልሱትና «ዚስ»ን (this፣ ማለትም ፎርሙን ራሱን) በመጀመሪያው ቦታ ይስጡት።

ቁልፎቹ ላይ አማርኛ ከፈለጉ ሜሴጅ ቦክስ አይሆንም፤ የቁልፉን ጽሑፍ የሚወስነው የዊንዶውሱ ቋንቋ ነው። ከዶት ኔት 5 ጀምሮ ዊንዶውስ ፎርምስ ውስጥ ታስክ ዳያሎግ የሚባል ሌላ የመልእክት ሳጥን አለ፤ በእሱ «ይሰረዝ» እና «ይቆይ» ብለው መጻፍ ይችላሉ። እዚያም «ይቆይ»ን ደፎልት ማድረግ እንዳይረሱ።