ጣውላ ማድረቂያህን ከማሞቅህ በፊት መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት አስብ

ቡሬ ሆነህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? በጭቃ የሠራኸውን የጣውላ ማድረቂያ ክፍል፣ ውጭ በሚነድ የእንጨት ምድጃ ውሃ አፍልቼ ማሞቅ እችላለሁ ወይ ነው ያልከው። ትችላለህ። እኔ ደብረ ማርቆስ እየሠራሁበት ነው። በር የሚሠሩ አናጢዎች ከባሕር ዳር ድረስ ጣውላ ጭነው ይመጡልኛል። ጉራ እንዳይመስልህ፣ ስታልፍ ጎራ ብለህ እይ።

ስለ ሙቀቱ መካሪ አታጣም። እኔ የምልህ ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ ሙቁን ውሃ ወደ ክፍሉ የሚያዞረው ፓምፕ ይቆማል፣ ሙቀቱን የሚነፋው ፋን ይቆማል፣ እሳቱ ግን መንደዱን አይተውም። ከሁሉ በፊት እሱን አስብበት።

1ኛ. የውሃው ታንከር ክፍት ይሁን። ከአናቱ ሰፊ መተንፈሻ ቧንቧ ይውጣለት፤ ክዳንም ቫልቭም እንዳታደርግበት። እኔን በያጁ ጉድ የሠራኝ እዚህ ላይ ነው። ሥዕል ሠርቼ፣ በጣቴ እያሳየሁ ነግሬዋለሁ። እሱ ምን አደረገ? ቧንቧውን ታንከሩ ላይ አቁሞ ዙሪያውን አሳምሮ በየደው። ከሥሩ ግን ላሜራውን አልበሳውም! መተንፈሻው ለጌጥ ቆሟል ማለት ነው። ቀለም ቀብቶ አስረከበኝ፣ ሒሳቡንም እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተቀበለ።

አንድ ማታ ምድጃው ደረቅ የዲከረንስ (የግራር ዓይነት) ማገዶ እንደ ጠገበ መብራት ሄደ። ውሃው መዞሩን አቆመ። ታንከሩ መጀመሪያ አቃሰተ፣ ቀጥሎ ሆዱ ተነፋ፣ ከዚያ በብየዳው መስመር ተተረተረ። የፈላው ውሃ የተከመረውን ማገዶ አርጥቦ እሳቱንም አጠፋው። ዘበኛችን ቡና ሊጠጣ ገባ ብሎ ነበር፤ የዚያን ቀን ቡና ያፈላችው ሴትዮ እግዜር ይስጣት። በያጁ ጋ ስሄድ ያለኝን ልንገርህ? «ውሃ አብዝተህበት ነው።» አምስት ሳንቲም አልመለሰም። እስከ ዛሬ በዚያ ሰፈር ሳልፍ ሰላምታ የለንም።

ስለዚህ ቀለም ሳይቀባ ሽቦ በመተንፈሻው ውስጥ ስደድና ታንከሩ ታች ድረስ መግባቱን እይ። ውሃም ሞልተህ በመተንፈሻው እስኪፈስ ጠብቅ። ደግሞ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል የሚለውን እርሳው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ታልፋለች፤ እዚህ 92 ገደማ ላይ ይንተከተካል። እናንተም ዝቅ ብትሉ ነው እንጂ ያው ደገኛ ናችሁ። ክፍሉን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ለማድረስ የ70 ዲግሪ ውሃ ይበቃሃል። ከዚያ በላይ ማገዶ መጨረስ ነው።

2ኛ. ምድጃውን ከክፍሉ ዝቅ ባለ ቦታ ትከለው። ጎጃም ላይ ተዳፋት አይጠፋም መቼም። ሙቅ ውሃ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል። ክፍሉ ውስጥ ሙቀቱን የሚሰጠው ራዲያተር ከፍ ካለ፣ ቧንቧውም ወፍራምና መጣመም የሌለው ከሆነ፣ ፓምፕ ባይኖርም ውሃው ቀስ እያለ ይዞራል። ጣውላ አያደርቅም፤ ታንከሩን ግን ያተርፋል። ፓምፑን ዘሎ የሚያልፍ ሁለተኛ ቧንቧ ከነመዝጊያው አስገባና፣ መብራት ሲሄድ ዘበኛው እሱን ይክፈት፣ የምድጃውን የአየር በር ይዝጋ። እኔ ጋ ያለው ያገለገለ የአይሱዙ ራዲያተር ነው። ስትገዛ ውሃ ሞልተህ ፈትሸው፤ ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ሲልህ አትስማው። የፋኑን ዲናሞ ደግሞ ከክፍሉ ውጭ አድርገው፤ ሙቀትና እርጥበት ላይ ዕድሜ የለውም። ምድጃውን ከሰጋቱራና ከጣውላ ክምር አርቀው። የካቲትና መጋቢት ላይ ያለውን ነፋስ ታውቀዋለህ።

3ኛ. ፈቃድ። ኧረ ተወኝ! ቢሮ ገብቼ «ጣውላ ማድረቂያ» ስል ልጅቷ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «እንደዚህ የሚባል ዘርፍ የለም» አለችኝ። ምድጃ እንዳለው ስነግራት «ታዲያ ዳቦ ቤት ብለን እንመዝግብህ?» ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። የምሯን ነው! ያን ዳቦ ቤት ላለመሆን ስንት ደጅ እንደ ጠናሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አንተ «የእንጨት ሥራ» ብለህ ጀምር፣ ማድረቂያውን በማብራሪያ አስገባው። ዋንዛ የምታደርቅ ከሆነ የመቁረጫና የማዘዋወሪያ ወረቀቱን መጋዝ ሳይነካው ጨርስ፤ ኬላ ላይ ከቆምክ በኋላ የሚሰማህ የለም።

አሁን ስለ እንጨቱ። ዋንዛና ግራቪሊያ ብዙ አያስቸግሩም። ነጭ ባሕር ዛፍን ግን ከመጋዝ እንደወጣ ወደ ሙቀት አታስገባው። ደንበኛዬ ስለቸኮለ፣ አይሆንም እያልኩት፣ በራሱ ኃላፊነት አስገብቶ ነበር። የጣውላው ፊት እንደ ቆርቆሮ ቤት ክዳን ተሸበሸበ። መላጊያም አያቃናው፤ ውስጡ የእንጨቱ ቀዳዳዎች ራሳቸው ተጨፍልቀዋል። ጥቅምት ላይ በጥላ ከምረው፤ በየንብርብሩ መሃል ሁለት ሳንቲ ተኩል የሚሆን እኩል ዘንግ፣ አንዱ በአንዱ ትይዩ አድርግ። ጫፍ ጫፉን ቀለም ቀባው፣ መሰንጠቁን ይቀንሳል። እርጥበቱ 25 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ብቻ አስገባ። መጀመሪያ ላይ የክፍሉን የእርጥበት መውጫ ቀዳዳ ጠበብ አድርገው፤ ላዩ ቀድሞ ከደረቀ ውስጡ ይሰነጠቃል።

የእርጥበት መለኪያ ከሌለህ ከጣውላው መሃል አንድ ቁራጭ ቆርጠህ መዝን። ቤት ባለው የኤሌክትሪክ ምድጃ 103 ዲግሪ አካባቢ ላይ አድርቀው፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ። 500 ግራም የነበረው 400 ቢሆን፣ የጠፋውን 100 ለደረቁ 400 አካፍል፤ 25 በመቶ ነው። ለቤት ዕቃ ከ10 እስከ 12 በመቶ አውርደው። እቤት ዳቦ የሚጋገርበትን ምድጃ ስትወስድ ግን ባለቤትህን አስፈቅድ፤ የባሕር ዛፍ ሽታው ቶሎ አይለቅም።

የክፍልህን ስፋትና ምድጃው የሚቆምበትን ቦታ ጻፍልኝ፣ የቧንቧውን ውፍረት አብረን እናያለን። በያጅ ጠቁመኝ እንዳትለኝ ብቻ።