201 ሜትር ብላችሁ አትለፏት

ልጆች፣ በተለይ ትርጉም የጀመራችሁ፣ ዛሬ ስለ አንዲት ቃል ላጫውታችሁ። ፈርሎንግ። የእንግሊዞች የድሮ የርቀት መለኪያ ናት፤ ዛሬ ከፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ውጭ እምብዛም አትሰማም።

መጀመሪያ ያገኘኋት ገና ጀማሪ፣ ያውም ችኩል ሳለሁ ነው። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፣ 220 ያርድ ይላል፣ 201 ሜትር ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው መስመር። አርታኢዬ አነበቡትና «ይሄ የጥንት ገበሬ ሜትር በኪሱ ይዞ ነበር እንዴ?» አሉኝ። አፈርኩ።

ማታ የቃሏን ሥር ስፈልግ ግን ሳቄ መጣ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ፉርህ» ትልም ነው፣ «ላንግ» ደግሞ ረጅም። የትልም ርዝመት፣ በቃ! እኔ እርፍ ጨብጬ ያደግኩ የገበሬ ልጅ፣ ስንቱን ትልም በባዶ እግሬ የረገጥኩ፣ ቃሏን ከመዝገበ ቃላት ስለምን ኖሬያለሁ።

ትልሙ ለምን ረዘመ? የእነሱ ከባድ ማረሻ እስከ ስምንት በሬ ይጠመድለት ነበር። ያን ሁሉ በሬ ማዞር ፈተና ስለሆነ አንዴ ከተነሱ ሩቅ ድረስ ይነዳሉ። የእኛ ጥንድ በሬ ዳር ላይ ሲደርስ ዞር ነው፣ ምን ችግር አለው። የመሬት ስፋት መለኪያቸው ኤከርም ከዚያው ቤት ነው፦ ርዝመቱ አንድ ፈርሎንግ፣ ወርዱ 22 ያርድ፣ የአንድ ቀን እርሻ ተብሎ የሚታሰብ። ስፋቱ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ የእኛው ጥማድ ነው።

ማይልንም ያስረዘመችው እሷ ናት። የሮማውያን ማይል 5,000 ጫማ ነበር። እንግሊዞች ግን መሬታቸውን የለኩት በፈርሎንግ ነዋ፤ እ.ኤ.አ. በ1593 ማይል 8 ፈርሎንግ ይሁን ብለው በሕግ ደነገጉ፣ 5,280 ጫማ ሆነ። ትልሙን ከማሳጠር ማይሉን መለጠጥ ቀለላቸው።

የመሬት ውል የምትተረጉሙ ከሆነ ሜትሩን ጻፉ፣ ቀልድ የለም። ታሪክ ከሆነ ግን ስልካችሁ ላይ ከማስላታችሁ በፊት ማን፣ በምን እንደለካው ጠይቁ።

ሉቃስ 24፥13ን አውጡ እስቲ፣ የኤማሁስን መንገድ። ግሪኩ «ስታዲዮን» ይላል፣ የሩጫ ሜዳ ርዝመት። የእንግሊዝኛው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች እ.ኤ.አ. በ1611 ፈርሎንግ አደረጉት። የእኛዎቹ ደግሞ «ስድሳ ምዕራፍ» አሉት፣ ማረፊያ እንደማለት። ሰዎቹ ስድሳ ጊዜ አረፍ ያሉ ያስመስላል፤ እኔ ግን እወዳታለሁ።